ሰዓቱ የለካው ጫማውን ነው ወይስ የሐረጎን ቁልቁለት?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ደሴ ውስጥ በአንድ ክለብ የምሮጥ የ22 ዓመት ልጅ ነኝ። የምወዳደረው በ10,000 ሜትርና በግማሽ ማራቶን ነው። ወንድሜ ከጅዳ ሲመጣ ጂፒኤስ ያለው የእጅ ሰዓትና የካርቦን ጫማ (ሶሉ ውስጥ ጠንካራ የካርቦን ሰሌዳ ያለው) አመጣልኝ። በአሮጌው ጫማዬ ቦሩ ሜዳ ላይ 12 ኪሎ ሜትር ስሮጥ ሰዓቱ በአማካይ ኪሎ ሜትሩን በ4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ የልብ ምቴን 164 አሳየኝ። በአዲሱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ግን 3 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ፣ የልብ ምቴም 151 ሆነ። በየኪሎ ሜትሩ 28 ሰከንድ ፈጥኜ ድካሜ ቀነሰ ማለት ነው። ጓደኞቼ ‹አሮጌውን ሽጪና ሁለተኛ ካርቦን ጨምሪበት› ይሉኛል። አሰልጣኜ ደግሞ ሰዓት የሚባለውን ጨርሰው አያምኑም። ማንን ልስማ? ሁለቱን ጫማዎች በትክክል ማወዳደርስ ይቻላል?»

እህቴ፣ ለጊዜው አሮጌውንም አትሽጪ፣ ሁለተኛም አትግዢ። ያገኘሽው 28 ሰከንድ በአብዛኛው የመንገዱ ነው። ጫማውም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ከእነዚህ ሁለት ሩጫዎች ግን ያንን ድርሻ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። ማወዳደር ይቻላል ወይ ላልሽው፣ አዎ ይቻላል። የሚያስፈልገው የተለካ ሜዳ፣ ሁለቱ ጫማዎች፣ ያው ሰዓትና አንድ ፊሽካ ነው። ፊሽካውን የሚይዙትም አሰልጣኝሽ ቢሆኑ ደስ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ቁልቁለቱን እንመልከት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በዚያ ውስጥ 650 ሜትር ያህል ትወርጃለሽ። ሲካፈል በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ዝቅታ ይሆናል። በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለውን ሐረጎን አልፈሽ ጠመዝማዛውን ስትይዥማ ከዚህ በጣም ይበልጣል። ሯጮችን በመሮጫ ማሽን ላይ አስቀምጠው፣ አፍና አፍንጫቸው ላይ ጭምብል አድርገው የሚጠቀሙትን ኦክስጅን የለኩ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በዚህ መጠን ቁልቁል መሮጥ ከሜዳ ሩጫ ጋር ሲነጻጸር ለእያንዳንዱ ሜትር የሚወጣውን ጉልበት ከ10 በመቶ በላይ ይቀንሰዋል። አሁን ይህን ከጫማ ጋር አስተያዪው። ዓለምን ያነጋገረው ቬፐርፍላይ የተባለው የናይኪ የካርቦን ጫማ በ2017 በፈረንጆች አቆጣጠር ሲወጣ 18 ጠንካራ ሯጮች ላይ ተፈትኖ የቆጠበው ጉልበት በአማካይ 4 በመቶ ነበር፤ ስሙም ላይ 4% ተብሎ የተጻፈው ለዚህ ነው። ስለዚህ በጣም ጥሩ የሚባለው ጫማ ከሚሰጥሽ ይልቅ የኮምቦልቻ ቁልቁለት የሚሰጥሽ በእጥፍ ይበልጣል። ያን ቀን አሮጌውን ጫማ አድርገሽ ብትወርጂም ከቦሩ ሜዳው በፈጠንሽ ነበር።

ቀጥሎ አየሩ አለ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን ያንሳል። ከደሴ ኮምቦልቻ ስትደርሺ የአየር ግፊቱ በ8 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለልብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ያንኑ ፍጥነት በጥቂት ምት ትይዘዋለች። በአንጻሩ ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፤ ፀሐይ ከበረታች በኋላ ከደረስሽ ሰውነትሽ ራሱን ለማቀዝቀዝ ደም ወደ ቆዳ ስለሚልክ የልብ ምትሽ መልሶ ይወጣል። አንዱ ይቀንሳል፣ ሌላው ይጨምራል፤ በዚያ ቀን የትኛው ምን ያህል እንደሠራ ከሰዓቱ ማውጣት አይቻልም። ላዩ ላይ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሣርና አፈር ነው፣ የኮምቦልቻው መንገድ አስፋልት። ለስላሳ መሬት የእግርሽን ግፊት ይውጠዋል፤ አስፋልት ይመልሰዋል።

ባጭሩ ያደረግሽው ነገር ጤፍን ከነጆንያው መዝኖ የጤፉን ክብደት እንደ መናገር ነው፤ ያውም አንዱ ጆንያ እርጥብ፣ ሌላው ደረቅ ሆኖ። ጆንያውን ማውጣት ወይም ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ጆንያ መመዘን ያስፈልጋል።

ወደ ሰዓቱ ልምጣ። አሰልጣኝሽ ጨርሶ አለማመናቸው ትንሽ በዝቷል፤ ጓደኞችሽም ሁሉን ማመናቸው እንዲሁ። ሰዓት ውስጥ ያሉት ቁጥሮች አመኔታቸው እኩል አይደለም። አንዳንዶቹን ሰዓቱ በቀጥታ ይለካቸዋል፤ አንዳንዶቹን ከሌሎች ቁጥሮች ተነሥቶ ይገምታቸዋል። ልዩነቱን ካወቅሽ መሣሪያው ትልቅ ረዳት ይሆንሻል።

ከሁሉም የሚታመነው ጊዜው ነው። ሰኮንዶችን መቁጠር ላይ ይህ መሣሪያ አይሳሳትም። ርቀቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሰዓቱ የት እንዳለሽ የሚያውቀው 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ከሚዞሩ ሳተላይቶች በሚደርሰው ምልክት ነው። ሰማዩ ገላጣ በሆነበት በጥቂት ሜትሮች ስሕተት ያገኝሻል። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ተራራ ባለበት ግን ምልክቱ ድንጋዩ ላይ ነጥሮ ዘግይቶ ይደርስና ያለሽበትን ቦታ ያዛንፈዋል። ደሴን ታውቂያታለሽ፤ ከጦሳ ተራራ ሥር ስትሮጪ ግማሹ ሰማይ ተሸፍኗል። ሐረጎ ላይ ደግሞ ጠመዝማዛው ይጨመርበታል። ብዙ ሰዓቶች ባትሪ ለመቆጠብ ነጥቦቹን በየጥቂት ሰኮንዱ እየዘለሉ ይመዘግባሉ፤ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ቀጥ ባለ መስመር ስለሚያገናኙት ኩርባውን ቆርጠው ያልፉታል፣ ርቀቱም ያጥራል። ቦታው ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝባቸው ደግሞ ርቀቱ ይረዝማል። ማስተካከያው ውስጥ ገብተሽ «በየሰኮንዱ መዝግብ» የሚለውን ምረጪ። ሰዓቱን ከስልክሽ ጋር ካላገናኘሽው ቀናት ካለፉ ደግሞ ልምምድ ከመጀመርሽ በፊት ገላጣ ቦታ ላይ ቆመሽ ጠብቂው። ሳተላይቶቹ የት የት እንዳሉ የሚገልጸው ሙሉ መረጃ ከሰማይ ተልኮ እስኪያልቅ 12 ደቂቃ ተኩል ይወስዳል፤ ስልክሽ ይህን በኢንተርኔት አስቀድሞ ስለሚሰጠው ነው ሌላ ጊዜ ቶሎ የሚያገኘው።

ለጫማ ማወዳደሪያ ግን ከጂፒኤሱ ጋር መታገል አያስፈልግሽም። ርቀቱን በሜትር ከለካሽው ጂፒኤሱን ትተሽ ጊዜውን ብቻ ትወስጃለሽ።

የልብ ምቱ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ ፍርዱ የሚቆመው እሱ ላይ ነውና። የሰዓቱ ጀርባ አረንጓዴ ብርሃን ቆዳሽ ላይ ያበራል፤ ልብሽ በመታ ቁጥር ከቆዳው ሥር የሚያልፈው ደም ብርሃኑን በተለያየ መጠን ስለሚውጠው፣ ከተመላሹ ብርሃን ምቱን ይቆጥራል። ዘዴው ድንቅ ነው፤ ሩጫ ላይ ግን ሦስት ጠላቶች አሉት። አንደኛው ብርድ ነው። በደሴ ማለዳ እጅሽ ሲቀዘቅዝ ደሙ ከቆዳው ስለሚሸሽ ሰዓቱ የሚያነበው ያጣል። ሁለተኛው የላላ ማሰሪያ ነው። ሦስተኛውና ዋናው የእጅሽ መወዛወዝ ነው። በደቂቃ 175 ወይም 180 እርምጃ ስትረግጪ እጅሽም በዚያው ልክ ይነቀነቃል፤ ሰዓቱ አንዳንዴ ይህን መነቅነቅ የልብ ምት መስሎት ይቆጥረዋል። የልብ ምትሽና የእርምጃሽ ቁጥር ለረጅም ጊዜ ተመሳሳይ ሆነው ካየሽ ያንን ቀን መዝገብ አትመኚው። ማሰሪያውን ከእጅ አንጓው አጥንት በላይ አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርገሽ ጠበቅ አድርጊው፤ እጅሽን አስቀድመሽ አሙቂው። ከሁሉም የሚሻለው የደረት ቀበቶ ነው፤ እሱ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በቀጥታ ስለሚያነብ በእነዚህ አይታለልም። ገንዘብ ካለሽ ለሁለተኛ ካርቦን ጫማ ልታወጪው ካሰብሽው ላይ ቀንሰሽ ቀበቶ ብትገዢ እመርጣለሁ። ክለባችሁም አንድ ገዝቶ ለሁላችሁ በየተራ ቢያገለግል ገንዘቡ አይባክንም።

አሁን የማትመለከቻቸውን ቁጥሮች ልንገርሽ። «ቪኦቱ ማክስ» (ሰውነትሽ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን) እያለ የሚሰጥሽ ቁጥር ግምት ነው፤ ከፍጥነትሽና ከልብ ምትሽ የሚሰላ ስለሆነ፣ ቁልቁል ስትወርጂ ካወጣው ደሴ ላይ ስትወጪ ያወርደዋል። ለጫማ ማወዳደሪያ ምንም አይጠቅምሽም። በዋት የሚነገረው የሩጫ ኃይልም እንዲሁ፤ ይህን ነጥብ ብዙ ሰው አያውቀውምና ልብ በዪው። ሰዓቱም ሆነ ጫማ ላይ የሚታሰረው ትንሽ መሣሪያ ኃይሉን የሚያሰሉት ከፍጥነትሽ፣ ከክብደትሽ፣ ከዳገቱና ከሰውነትሽ እንቅስቃሴ ነው። ጡንቻሽ ስንት እንዳወጣና ጫማው ስንት እንደመለሰልሽ የሚያዩበት መንገድ የላቸውም። ጥሩ ጫማ የሚያደርገው ደግሞ ያንን ነው፦ ሲረገጥ የታመቀው ስፖንጅ ተመልሶ ሲነሣ የጡንቻሽን ሥራ ያቀልላል። በአንድ ፍጥነት በሁለት ጫማ ብትሮጪ ዋቱ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ ልብሽ ግን ልዩነቱን ታውቀዋለች። ጫማ ላይ የሚታሰረው መሣሪያ ጫማ ሲለወጥ የርቀት ልኬቱም ሊለወጥ ስለሚችል፣ ያንን ይዘሽ ብታወዳድሪ መለኪያሽ ራሱ በመሃል ይቀየርብሻል። እግርሽ መሬት ላይ የሚቆይበት ጊዜና ወደ ላይ የመነሣትሽ መጠንም ጫማ ሲለወጥ ይለወጣሉ። መለወጣቸው ግን ጫማው ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አይልም።

ስለዚህ የሚቀሩሽ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ በተለካ ርቀት ላይ ያለ ጊዜና በዚያ ፍጥነት የሚታይ የልብ ምት። ፍጥነቱን አንድ አድርገሽ ካሰርሽው፣ የልብ ምቱ ብቻውን ይናገራል።

እንዴት እንደሚሠራ ልግለጽልሽ። ሆጤ ወይም ሌላ መም (የመሮጫ ትራክ) ያለበት ሜዳ ሂጂ። መጀመሪያ ከውስጠኛው ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብለሽ ዙሪያውን በሜትር ለኪው፤ በሜዳው ስም ብቻ 400 ነው ብለሽ አትቀበዪ። ሁልጊዜም በዚያው መስመር ሩጪ። ደረጃውን በጠበቀ መም ሁለተኛው መስመር 407 ሜትር፣ አራተኛው ከ422 ሜትር በላይ ነው፤ በውጭ መስመር ሮጠሽ ዙሩን 400 ብትይው ከጫማ የምትፈልጊውን ልዩነት ሁሉ በስሕተት ትሸፍኚዋለሽ። መም ካላገኘሽ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ቀጥ ያለ አስፋልት ለክተሽ ደርሶ መልስ ሩጪ፤ ስትሄጂ የገፋሽ ነፋስ ስትመለሺ ይገታሻልና ይቻቻላል። የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች የሚያልፉበትን መንገድ ግን አትምረጪ፤ ቁጥር ላይ ያተኮረ ሯጭ ከኋላው የሚመጣውን አይሰማም።

ፍጥነቱን የለመድሽው 4 ደቂቃ ከ20 አድርጊው። ለ400 ሜትር ይህ 104 ሰኮንድ ነው። አሰልጣኝሽ በየ52 ሰኮንዱ ፊሽካ ይንፉ፤ አንቺ በየፊሽካው 200 ሜትር ምልክቱ ላይ መገኘት አለብሽ። እጅሽ ላይ ያለውን ሰዓት በጨርቅ ሸፍኚው፣ አትመልከቺው። አዲስ ጫማ ያደረገ ሰው ልቡ ይነሣሣል፤ ሳያውቀው ይፈጥናል፣ ድካሙንም አሳንሶ ያያል። የትኛውን ጫማ እንዳደረግሽ ካንቺ መደበቅ አይቻልም፤ ቁጥሩን ግን መደበቅ ይቻላል። ለዚህ ነው አሰልጣኝሽን የፈለግኋቸው፦ ቁጥሩን የሚመዘግቡት የማያምኑበት ሰው ከሆኑ ውጤቱን ማንም ሊጠራጠረው አይችልም።

20 ደቂቃ ያህል ሰውነትሽን አሟሙቂ። ከዚያ 4 ዙር በአሮጌው፣ ጫማ ቀይረሽ 4 ዙር በአዲሱ፣ አውልቀሽ መልሰሽ አድርገሽ እንደገና 4 ዙር በአዲሱ፣ በመጨረሻ 4 ዙር በአሮጌው። በየመሃሉ 3 ደቂቃ እረፍት ይኑር። እያንዳንዱ 4 ዙር 7 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ትተሽ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች አማካይ የልብ ምት ብቻ መዝግቢ፤ ልብ ወደ ትክክለኛው ደረጃዋ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ትፈልጋለችና። ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ሩጫ በቀጠለ ቁጥር ፍጥነቱ ሳይለወጥም የልብ ምት ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ላብሽ ይወጣል፣ ሰውነትሽ ይሞቃል። ሁልጊዜ አሮጌውን አስቀድመሽ አዲሱን ብታስከትዪ አዲሱ ያለ ጥፋቱ ይቀጣል። አሮጌው አንደኛና አራተኛ፣ አዲሱ ሁለተኛና ሦስተኛ ሲሆኑ ግን ድካሙ እኩል ይካፈላቸዋል። በሚቀጥለው ቀን በአዲሱ ጀምረሽ በአዲሱ ጨርሺ።

አንድ ቀን አይበቃም። ሁሉም ነገር በጥንቃቄ ቢያዝ እንኳ የሰው የልብ ምት በአንድ ፍጥነት ከቀን ወደ ቀን ከ2 እስከ 4 ምት ከፍና ዝቅ ይላል። ከጫማ የምትጠብቂውም ልዩነት እዚያው መጠን ውስጥ ነው፦ ጉልበትን በ2 በመቶ የሚቆጥብ ጫማ በአንቺ የልብ ምት 3 ምት ያህል ቢቀንስ ነው። ስለዚህ የሰኞውን አሮጌ ከሐሙሱ አዲስ ጋር አታወዳድሪ። ልዩነቱን ሁልጊዜ በዚያው ቀን ውስጥ አውጪና ልዩነቶቹን ሰብስቢ። በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ አራት አምስት ቀን ከሠራሽ በቂ ይመስለኛል። ለምሳሌ አዲሱ ጫማ በአራቱም ቀን በ3፣ በ4፣ በ2፣ በ4 ምት ዝቅ ካለ ጫማው በርግጥ ረድቶሻል። አንድ ቀን በ5 ዝቅ፣ ሌላ ቀን በ3 ከፍ፣ ሌላ ቀን እኩል ከሆነ ግን ልዩነት አልተገኘም። የትኛውን ውጤት እንደምትቀበዪ ከመጀመርሽ በፊት ከአሰልጣኝሽ ጋር ተነጋግራችሁ ጻፉት፤ ቁጥሩ ከመጣ በኋላ ሁሉም ሰው የወደደውን ያነብበታል።

የልብ ምትን የሚያናውጡ ሌሎች ነገሮችም አሉ። አቦልና ቶና ጠጥተሽ የሮጥሽበት ቀን ሳትጠጪ ከሮጥሽበት ጋር አይወዳደርም፤ ወይ ሁልጊዜ ጠጪ፣ ወይ ሁልጊዜ ተዪ። በረመዳንም ሆነ በጾም ወራት ፈተናውን አትጀምሪ፤ ውኃ ያጣ ሰውነት ልቡ ይፈጥናል። እንቅልፍ ያጣሽበትን፣ ጉንፋን የያዘሽን ቀን ዝለዪ። የወር አበባ ዑደትም የልብ ምትን በጥቂት ምቶች ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ብዙ አሰልጣኞች ወንዶች ስለሆኑ ሴት ልጆች ይህን ሳይናገሩ ይቀራሉ፣ ከዚያም «አቅሟ ወረደ» ይባላሉ። በማስታወሻሽ ላይ ቀኑን ምልክት አድርጊበት። ካልሲሽ አንድ ይሁን፣ ክር አስተሳሰርሽም። ጫማዎቹን ሱቅ ወስደሽ በኤሌክትሮኒክ ሚዛን አስመዝኛቸው፤ በእያንዳንዱ እግር 100 ግራም መጨመር የሩጫን ጉልበት በ1 በመቶ ገደማ ስለሚያስወድድ፣ የሚገኘው ልዩነት ከክብደቱ ይሁን ከስፖንጁ የምትገምቺበት መንገድ ታገኛለሽ። በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ላይ ደግሞ ድካምሽን ከ1 እስከ 10 ለአሰልጣኝሽ ንገሪያቸው። የሯጭ ስሜት ከማንኛውም መሣሪያ ጋር እኩል ቦታ ይገባዋል። ልብ ሳይለወጥ እግር የሚቀልበት ጫማ አለ፤ ለ21 ኪሎ ሜትር እሱም ዋጋ አለው።

አሁን ፈተናውን ሳትጀምሪ ማወቅ ያለብሽ አንድ ሕግ አለ። በ10,000 ሜትር የምትወዳደሪው መም ላይ ነው። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ለጎዳና ሩጫ የሶሉ ውፍረት እስከ 40 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ለመም ውድድር ግን ከኅዳር 2024 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ከ20 ሚሊ ሜትር መብለጥ አይችልም። ወንድምሽ ያመጣልሽ የካርቦን ጫማ የጎዳና ጫማ ከሆነ ተረከዙ ላይ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ መሆኑ አይቀርም። ደንቡ በሚከበርበት ውድድር በእሱ መም ላይ ብትገቢ ውጤትሽ ሊሰረዝ ይችላል። ለ10,000 ሜትር ስፓይክሽን፣ ሹል ጥርስ ያለውን የመም ጫማ፣ ያዢ፤ የካርቦኑ ቦታ ግማሽ ማራቶኑ ነው።

«ሁለተኛ ካርቦን ጨምሪ» ያሉሽን ጓደኞችሽን እረዳቸዋለሁ። ትዕግሥት አሰፋ በመስከረም 2023 በፈረንጆች አቆጣጠር በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር እግሯ ላይ የነበረው አዲዳስ ጫማ 138 ግራም ብቻ ይመዝን ነበር፤ ያንን ያየ ሯጭ ሁሉ ቢመኘው አይፈረድበትም። ግን እሷ በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ ያ ፍጥነትና ከዚያ በኋላ የተጨመሩት የልምምድ ዓመታት ጫማው ከመሠራቱ በፊት የነበሩ ናቸው። የ2017ቱ 4 በመቶም አማካይ ነው፤ ከአንዱ ሯጭ ወደ ሌላው ይለያያል። አንቺ የትኛው እንደሆንሽ የሚነግርሽ ከላይ ያልኩት ፈተና ብቻ ነው፤ የጓደኛሽ ውጤት ስለ ጓደኛሽ እግር ነው።

ስለ አሮጌው ጫማም ላንሣ። የካርቦን ጫማ ሶሉ ጠንካራ፣ ስፖንጁ ለስላሳና ከፍ ያለ ስለሆነ እግርሽ ላይ የሚያርፈውን ጫና ቦታ ያዛውረዋል። በእነዚህ ጫማዎች አብዝተው የሮጡ አንዳንድ አትሌቶች የመሃል እግር አጥንታቸው ላይ ጉዳት እንደደረሰባቸው ሐኪሞች መዝግበዋል። ስፖንጁም ከተለመደው የልምምድ ጫማ ቶሎ ይደክማል። በሳምንት ውስጥ ከምትሮጪው አብዛኛውን በአሮጌው ሩጪ፤ አዲሱን ለውድድርና ለአንድ ፈጣን ልምምድ አስቀምጪው። በተለይ ሐረጎን በካርቦን ጫማ አትውረጂ። ረጅም ቁልቁለት የጭን ጡንቻን እየጎተተ ያቆስላል፤ ባልተረጋጋ ከፍ ያለ ሶል ላይ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ለመታጠፍ ቅርብ ነው። ቁልቁል መውረድ ጥሩ ልምምድ ነው፣ ግን የአሮጌው ጫማ ሥራ ነው። ከሰልባጅ ተራ ሁለተኛ ካርቦን ለመግዛት ካሰብሽም ተጠንቀቂ፦ ላዩ አዲስ የሚመስል ጫማ ውስጡ የሞተ ስፖንጅ ሊሆን ይችላል፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሮጠበት የሚያውቅ የለም።

ያንቺን ጫማዎች ግን ልታውቂያቸው ትችያለሽ፤ ሰዓቱ በየቀኑ የሚጠቅምሽም እዚህ ላይ ነው። ስትራቫም ሆነ የሰዓቱ የራሱ መተግበሪያ ጫማ መዝግበሽ እያንዳንዱን ሩጫ በየጫማው ስም እንድታስቀምጪ ይፈቅዳሉ፤ ኪሎ ሜትሩን ራሱ ይደምርልሻል። የተለመደ የልምምድ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ያገለግላል ይባላል፤ በኮረኮንች የሚሮጥ ሰው ጫማ ቀድሞ ያልቃል። ኔትወርክ ባይኖር ደብተር ይበቃል፦ ቀን፣ ጫማ፣ ቦታ፣ ርቀት፣ ጊዜ፣ የልብ ምት፣ እንቅልፍ፣ የአየሩ ጠባይ። ስትራቫን ከተጠቀምሽ ገጽሽን ለምታውቂያቸው ሰዎች ብቻ ክፈቺ፤ የሩጫሽን መነሻና መድረሻም እንዲደብቅ አድርጊ። ስትራቫ ባወጣው ካርታ ላይ በ2018 በፈረንጆች አቆጣጠር የወታደሮች የሩጫ መስመር ታይቶ የጦር ሰፈሮች ያሉበት ቦታ በዓለም ፊት ተገልጧል። ገና ሳይነጋ ብቻዋን የምትሮጥ ሴት ልጅ በስንት ሰዓት ከየት እንደምትነሣ ለማንም መታየት የለበትም።

የመጀመሪያውን የፈተና ቀን ከከባድ ልምምድ በኋላ አታድርጊው፤ በዋዜማው ቀለል ያለ ሩጫ ብቻ ይኑርሽ። ጠዋት ከረፋዱ በፊት ጀምሪ፣ የሚቀጥሉትንም ቀናት በዚያው ሰዓት። አራቱን ቀናት ስትጨርሺ የአራቱንም ቁጥሮች፣ የጫማዎቹን ክብደትና የልብ ምቱን የለካሽበትን መሣሪያ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናነባቸዋለን። አሰልጣኝሽም የሚሉትን ይጨምሩበት።